ፊቱ ሊዝበን፣ ጀርባው ምስክር፦ የ1598ቱ የመዳብ ቅርጽ ሥዕል

የአሮጌ ወደብ ከተማ ሥዕል ሊገዛ ያሰበ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው በአንድ ወረቀት ብቻ ላይ ከሆነ፣ በ1598 ኮሎኝ ላይ የታተመውን የሊዝበንን ወፍ በረር ሥዕል ቢመርጥ አይቆጨውም። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የሚቆጨው የማይሆነውን ቅጂ ሲገዛ ነው። የማይሆነው ቅጂ ደግሞ ገበያው ላይ በሽ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከደህናው ይልቅ ዓይን ይስባል።

ሥዕሉ የመጣው ጌዮርግ ብራውን የተባለ የኮሎኝ ካህን ከቀራጩ ከፍራንስ ሆገንበርግ ጋር ሆኖ ከጀመረው የዓለም ከተሞች መድበል ነው። መድበሉ በላቲን ሲቪታቴስ ኦርቢስ ቴራሩም ይባላል። የመጀመሪያው ቅጽ በ1572፣ ስድስተኛውና የመጨረሻው በ1617 ወጣ፤ ስድስቱ አንድ ላይ ከ500 በላይ የከተማ ሥዕሎችን ይዘዋል። ትልቋ ሊዝበን ያለችው አምስተኛው ቅጽ ውስጥ ነው። ሻጭ «የሆገንበርግ የራሱ እጅ ነው» እያለ ዋጋ ሲያስወድድ ሆገንበርግ በ1590 መሞቱን ማስታወስ አይከፋም፤ አምስተኛው ቅጽ ሲወጣ ከሞተ ስምንት ዓመት አልፎታል። የወርክሾፑ ሥራ ነው ማለት ይበቃል፤ ሥራውም በዚህ አይዋረድም።

ወረቀቱ ሲዘረጋ ተመልካቹ ከታጉስ ወንዝ በላይ፣ በደቡብ በኩል ከፍ ብሎ ወደ ሰሜን የሚያይ ይመስለዋል። ግራው ምዕራብ ነው፣ ቀኙ ምሥራቅ። ከፊት ለፊት መርከብና ጀልባ የሞላው ወንዝ አለ። ወንዙ ከተማዋን በሚነካበት ቦታ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ሰፊው ባዶ ሜዳ ላይ ነው፤ ቴሬይሮ ዱ ፓሱ ወይም የቤተ መንግሥቱ አደባባይ ይሉታል። በስተግራው እስከ ውሃው የሚዘልቀው ረጅም ሕንጻ የፖርቱጋል ንጉሥ ማኑኤል ቀዳማዊ ከኮረብታው ግንብ ወርዶ ወንዙ ዳር ያሠራው የሪቤይራ ቤተ መንግሥት ነው። የሕንድን ንግድ የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት፣ ካዛ ዳ ኢንዲያ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር። ቤተ መንግሥቱን አልፎ በምዕራብ በኩል መርከብ የሚሠራበት ግቢ ይታያል። ቅመም ጭነው የሚመለሱት መርከቦች የሚራገፉት ከንጉሡ መስኮት ሥር ነበር ማለት ይቻላል።

ከአደባባዩ ጀርባ ሩዋ ኖቫ የሚባለው የነጋዴዎች ጎዳና ይገኛል። ሸለቆውን ይዞ ወደ ላይ ሲወጡ ሁለተኛው ትልቅ አደባባይ፣ ሮሲዩ፣ ይመጣል፤ ከጎኑ ደግሞ በ1492 መሠረቱ የተጣለው የቅዱሳን ሁሉ ሆስፒታል አለ። በቀኝ በኩል ከፍታው ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ግንብ፣ ከሱ ዝቅ ብሎ ካቴድራሉ። ቦታዎቹ ከ1 እስከ 140 ቁጥር ተሰጥቷቸው ስማቸው ከግርጌው ተዘርዝሯል። ለግድግዳ ጌጥ ከሚሸጡ ብዙ የከተማ ሥዕሎች ይህን የሚለየው ይኸው የቁጥር ዝርዝር ነው። መንገድ በመንገድ፣ ደብር በደብር ይነበባል፤ አንድ ምሽትም አይጨርሰውም።

የላይኛው የላቲን አርዕስት የንግድ ማስታወቂያ ይመስላል። «ኦሊሲፖ፣ ዛሬ ሊዝቦአ የምትባለው፣ በታጉስ ዳር ያለች እጅግ ሰፊ የሉሲታኒያ (የፖርቱጋል) ከተማ፣ የምሥራቁ ሁሉ፣ የብዙ ደሴቶች፣ የአፍሪካና የአሜሪካ ስመ ጥር ገበያ» ማለቱ ነው። ቅጂው ላይ ይህ አርዕስት ከላይ ተቆርጦ ከሆነ ይለፉትና ሌላ ይፈልጉ።

ዋጋውን የሚያስከብረው ሌላው ነገር ከተማዋ ራሷ አለመኖሯ ነው። ኅዳር 1 ቀን 1755፣ በቅዱሳን ሁሉ በዓል ጠዋት፣ የመሬት መንቀጥቀጥ መጣ፤ ተከትሎ ከወንዙ የገባ ማዕበል፣ ከዚያም ለቀናት የነደደ እሳት። ቤተ መንግሥቱ ጠፋ፣ ሆስፒታሉ ፈረሰ፣ ጠመዝማዛዎቹ የሸለቆ መንገዶች ተጠርገው በንጉሡ ሚኒስትር በማርኬስ ዴ ፖምባል ጊዜ ቀጥ ቀጥ ባሉ ጎዳናዎች ተተኩ። ዛሬ ሥዕሉን ይዞ ሊዝበን የሚሄድ ሰው የሚያገኘው የግንቡን ኮረብታ፣ ካቴድራሉን፣ የሮሲዩን ቦታና ጣሪያው ከወደቀ ወዲህ ያልተመለሰለትን የካርሙ ገዳም ቤተ ክርስቲያን ነው። የቤተ መንግሥቱ አደባባይ ቦታው አልተንቀሳቀሰም፤ ስሙ ግን የንግድ አደባባይ ሆኗል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። የአፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ጸጋ ዘአብ በ1527 ከፖርቱጋላዊው ቄስ ከፍራንሲስኮ አልቫሬስ ጋር ሊዝበን ደርሶ ለዓመታት ተቀምጧል። ስለ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እምነት የጻፈውን ወደ ላቲን መልሶ በ1540 ሉቫን ላይ ያሳተመው ፖርቱጋላዊው ጸሐፊ ዳሚያኦ ዴ ጎይሽ፣ በ1554 ደግሞ ስለ ሊዝበን ከተማ ራሷ መግለጫ ጽፏል። ጸጋ ዘአብ የተመላለሰበት ሊዝበን ይህ ወረቀት ላይ ላለው የቀረበ እንጂ ዛሬ ቱሪስት የሚያየው አይደለም።

ሥዕሉ ነቀፌታ የለበትም ማለት አይደለም። ኮረብታዎቹ ተጨፍልቀዋል፤ በእግሩ ሊዝበንን የወጣ ሰው ዳገቱን ፈልጎ ያጣዋል። ወንዙ ከእውነቱ ጠቧል፤ መርከቦቹ ከቤቶቹ ጋር ሲተያዩ ገዝፈዋል። ተራ ሰፈሮች ላይ ያሉት ቤቶች አንድ ዓይነት ናቸው፤ ቀራጩ ጣሪያ በጣሪያ እየደገመ ቦታ ሞልቷል። ቤተ መንግሥቱን፣ አደባባዮቹንና አብያተ ክርስቲያናቱን ይመኑ፤ የአንድን ተራ ቤት መስኮት እንደ ማስረጃ አይቁጠሩ። ቁጥሮቹም ደቃቅ ናቸው፤ ጥላ በበዛበት ቦታ 3 ይሁን 8 ለመለየት ባለ ሦስት እጥፍ አጉሊ መነጽር ያስፈልጋል።

ከመግዛት በፊት የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛዋ ሊዝበን?» ነው። በዚሁ መድበል ውስጥ ሁለት አሉ። የ1572ቱ የመጀመሪያው ቅጽ አንድ ወረቀት ለሁለት ከፍሎ ከላይ ሊዝበንን፣ ከታች በባሕሩ ዳር ያለችውን ካሽካይሽን ያሳያል። ቆንጆ ነው፤ ከተማዋ ግን የወረቀቱን ግማሽ ብቻ ስለምትይዝ ዝርዝሩ ትንሽ ነው። የዚህ ግምገማ ሊዝበን ሙሉውን ወረቀት ለብቻዋ የያዘችው ናት። ማስታወቂያው ላይ «ብራውንና ሆገንበርግ፣ ሊዝበን» ብቻ ተጽፎ በትልቋ ዋጋ ትንሿን የሚሸጥ ስላለ፣ ካሽካይሽ ከሥር መኖር አለመኖሯን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ቀጥሎ የአሠራሩን ነገር ማወቅ ይጠቅማል፤ ማጭበርበሩም እርጅናውም የሚታወቀው በዚያ ነው። ቀራጩ ለስላሳ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ቡሪን በሚባል ባለ ስለት መቅረጫ እየገፋ ቦይ ይቆፍራል። ፊደሉንም ከተማውንም ግራ ቀኙን አገላብጦ ነው የሚቀርጸው። ከዚያ ሰሌዳው በሙሉ ዘይት ባለው ጥቁር ቀለም ይቀባና ከላዩ ይጠረጋል፤ ቀለሙ በቦዮቹ ውስጥ ብቻ ይቀራል። የረጠበ ወረቀት ተደርቦበት በሁለት ሲሊንደሮች መካከል በኃይል ሲጨመቅ ወረቀቱ ወደ ቦዮቹ ገብቶ ቀለሙን ይዞ ይወጣል። ሰሌዳው ራሱ ዙሪያውን ወረቀቱን ይሰረጉደዋል። ከዚህ ሁለት ምልክት ይገኛል፦ መስመሩ ከወረቀቱ በጥቂቱ ከፍ ይላል፤ በሥዕሉ ዙሪያ ደግሞ አራት ማዕዘን ስርጉድ ይኖራል።

ሰሌዳው ወደ 37 በ48 ሴ.ሜ. ገደማ ነው። እስከ 5 ሚ.ሜ. ልዩነት ቢያገኙ አይደንግጡ፤ ወረቀቱ እርጥብ ሆኖ ታትሞ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሁሉም ቅጂ እኩል አይኮማተርም። ልዩነቱ ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር ከሆነ ግን የያዙት በፎቶ የተባዛ ነገር ነው።

መዳብ ለስላሳ ስለሆነ በየህትመቱ ይበላል። መጀመሪያ የሚጠፉት ቀጫጭኖቹ መስመሮች ናቸው፤ የውሃው ሞገድ፣ የጣሪያው ጥላ፣ የመርከቡ ገመድ። የብራውን ሰሌዳዎች ከኮሎኝ በኋላም ጡረታ አልወጡም። አብዛኞቹ ወደ አምስተርዳም ተሻግረው በአሳታሚው በያን ያንሰን የ1657 የከተማ መጻሕፍት ውስጥ ታትመዋል፤ ከሱም በኋላ ወደ ሌላው አሳታሚ ወደ ፍሬደሪክ ዴ ቪት እጅ ገብተዋል። ስለዚህ «ኦሪጅናል» የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ አይናገርም። የ1598 ቅጂም፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ከዚያው ሰሌዳ የወጣውም ኦሪጅናል ይባላሉ። የወንዙን ውሃ ይመልከቱ። መስመሮቹ ሳይቆራረጡ ጥቁርና ጥርት ብለው ከሄዱ ሰሌዳው ወጣት ነበር፤ ገርጥተው አልፎ አልፎ ከጠፉ ሸምግሏል። እዚህ ላይ ገንዘብ መጨመር ያዋጣል። ቀለም ቀቢ የገረጣ ህትመትን ሊሸፍነው ይችላል፣ ሊያድሰው ግን አይችልም።

አሁን ወረቀቱን ይገልብጡ። የ1598 ወረቀት ጀርባው ላይ የታተመ ጽሑፍ ሊኖረው ይገባል፤ ስለ ከተማዋ የሚያወራ ገጽ ነውና። ጽሑፉ እትሙን ይነግራል፦ ላቲን፣ ጀርመንኛ ወይም ፈረንሳይኛ። የጀርመንኛው በጎቲክ ፊደል ስለተጻፈ ቋንቋውን የማያውቅም ይለየዋል። ከሦስቱ አንዱ ይበልጣል ብሎ ብዙ ዋጋ መጨመር አያስፈልግም። ጀርባው ባዶ ከሆነ ግን ሻጩ ምክንያት ይስጥ። የኋላ ህትመት ሊሆን ይችላል፤ ያ ሐሰተኛ አያሰኘውም፣ ዋጋው ግን የ1598 ዋጋ መሆን የለበትም። ወይም ደግሞ ዘመናዊ ቅጂ ነው። ሦስተኛው ጉዳይ ይበልጥ ያናድዳል፦ ወረቀቱ ካርቶን ላይ ሙሉ በሙሉ ተለጥፎ ጀርባው አይታይም። የተለጠፈ ወረቀት ጉዳቱም ማንነቱም ተደብቋል፤ ዋጋው በጣም ካልወረደ አይንኩት።

ከጀርባው መሃል ቁመቱን ይዞ የሚወርድ ጠባብ የወረቀት ቅሪት ወይም የሙጫ ጠባሳ ቢያዩ ደስ ይበልዎ። ወረቀቱ ከመሃሉ ታጥፎ በዚያ ጥብጣብ አማካይነት መጽሐፉ ላይ ተሰፍቶ ነበር። አሳምሮ ያጸዳው ሻጭ ከውለታ ይልቅ ጥፋት ሠርቷል።

ቀጥሎ ወደ መስኮት ያንሱት። የዚያ ዘመን ወረቀት የተልባ እግርና የሄምፕ አሮጌ ጨርቅ በስብሶና ተቀጥቅጦ፣ በሽቦ ወንፊት እየተጨለፈ በእጅ የተሠራ ነው። የወንፊቱ ሽቦ ጥላ ውስጡ ይቀራል፤ ጥቅጥቅ ያሉ ቀጫጭን መስመሮች፣ እነሱን የሚያቋርጡ ደግሞ በግምት ከ2 እስከ 3 ሴ.ሜ. የሚራራቁ ደማቅ መስመሮች ይታያሉ። አንዳንዴም የወረቀት ሠሪው የውሃ ምልክት። እነዚህ መስመሮች የሌሉበት ለስላሳ ወረቀት አውሮፓ ውስጥ የመጣው በ1750ዎቹ ነው፤ ስለዚህ ወረቀቱ እንደ ፎቶ ኮፒ ወረቀት አንድ ወጥ ሆኖ ከታየ 1598 የሚለውን ወሬ ይርሱት። የተገላቢጦሹ አይሠራም። መስመር ያለው ወረቀት ዛሬም ይሠራል፣ ለዚሁ ማታለያም ይውላል። እሱን የሚያጋልጠው ትንሽ የዩቪ (አልትራቫዮሌት ጨረር) ባትሪ ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ሲያበሩበት ወረቀቱ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ቦግ ካለ ማንጫ ኬሚካል የገባበት የ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወይም ከዚያ ወዲህ የተሠራ ወረቀት ነው። አሮጌው ጨርቅ ወረቀት ደብዘዝ ብሎ ይቀራል።

የመጨረሻው ፈተና ባለ 10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ነው። የመዳብ መስመር ጫፉ እንደ እሾህ ይሾላል፤ ቡሪኑ ሲገባና ሲወጣ ስለሚቀጥን ነው። መስመሩ ውስጥ ቀለሙ ሙሉ ነው፣ ነጠብጣብ የለውም። በአንጻሩ ሥዕሉ ጥቃቅን ክብ ነጥቦች ወይም ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ጠብታዎች ተሰብስበው የሠሩት ከሆነ የዘመናችን ማተሚያ ውጤት ነው። ዙሪያው ያለውን ስርጉድ ብቻ አይመኑ። ፎቶ ቅጂ ላይ ባዶ ሰሌዳ ጨምቆ ስርጉድ ማስገባት ቀላል ነው። እንደዚህ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ከመጠን በላይ ጥልቅና ማዕዘኑ ስለታም ይሆናል፤ የእውነተኛው ሰሌዳ ጠርዝ ግን ወረቀቱን እንዳይቀደው ተሞርዶ ስለነበር ለዘብ ይላል፣ ዘመናትም አለዝበውታል።

ወደ ቀለሙ እንምጣ። ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነው። መዳቡ ያተመው ጥቁሩን ብቻ ነው። ቀይ ጣሪያ፣ አረንጓዴ ኮረብታ፣ ሰማያዊ ውሃ ሁሉ በኋላ በብሩሽ የተጨመረ ነው። መጽሐፉ በቀለምም ያለ ቀለምም ይሸጥ ነበር፤ ስለዚህ ያልተቀባ ቅጂ የጎደለው ነገር የለም። የተቀባ ቅጂ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፦ በዘመኑ የተቀባ፣ ወይም ትናንት የተቀባ። ሻጮች የመጀመሪያውን «ኦሪጅናል ከለር»፣ ሁለተኛውን «ሌተር ከለር» ይሉታል። «በእጅ የተቀባ» የሚለው አገላለጽ ግን ሁለቱንም ስለሚያቅፍ ምንም አላለም ማለት ነው፤ ሆን ተብሎ የሚጻፍበትም ጊዜ አለ።

ልዩነቱን የሚናገረው አሁንም ጀርባው ነው። የጥንቱ አረንጓዴ የሚዘጋጀው ከመዳብ ዝገት ነበር። ይህ ቀለም ወረቀቱን ቀስ እያለ ይበላዋል፤ ከዓመታት በኋላ ከጀርባ በኩል ልክ አረንጓዴው ባለበት ቦታ ቡናማ ጥላ ሆኖ ይወጣል። ከፊት ኮረብታው አረንጓዴ፣ ከጀርባ ያው ኮረብታ ቡናማ ከሆነ ቀለሙ አሮጌ ለመሆኑ ከሁሉ የተሻለው ማስረጃ ነው። ከጀርባ ምንም ሳይታይ ፊቱ ላይ አረንጓዴው ደምቆ ካበራ ትናንት የተቀባ ሊሆን ይችላል። አዲስ ቀለም ሌላም መታወቂያ አለው። ወረቀቱ ሲሠራ በጄላቲን ተነክሮ ነበር፤ ያ ጄላቲን በዘመን ብዛት ወይም በመታጠብ ሲዳከም አዲሱ የውሃ ቀለም እንደ መምጠጫ ወረቀት ይሰርግና ከመስመሩ አልፎ ይፈሳል፣ አንዳንዴም ራሱ ቀለሙ በጀርባ ያልፋል። ቡናማ ጥላና ያለፈ አረንጓዴ አንድ አይደሉም።

አሮጌ ቀለም ያለው ቅጂ እንደ መድኃኒት ሁለት ገጽ አለው። ያው ማስረጃ የሆነው አረንጓዴ በሽታም ነው። ደረጃው እንዲህ ይሄዳል፦ መጀመሪያ ጀርባው ይበልዛል፣ ቀጥሎ ፊቱም ወደ ቡናማ ይዞራል፣ ከዚያ ወረቀቱ እንደ ደረቀ እንጀራ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻም ቁራጩ ረግፎ ቀዳዳ ይቀራል። የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያለ ቅጂ ይገዛል። ስንጥቅ የጀመረውን የወረቀት ጥገና ባለሙያ ሳያየው አይግዙት። ስንጥቁን ለማየት ወረቀቱን ማጠፍ አያስፈልግም፤ ይልቅ መብራት ከጎን በኩል ዝቅ አድርገው ያብሩበት፣ ስንጥቁ ጥላ ይጥላል። አሮጌ ቀለም ያለበትን ወረቀት ቤት ውስጥ ውሃ ማስነካት ፈጽሞ አይገባም። ከአረንጓዴው የሚወጣው መዳብ በውሃው ወደ ጤነኛው ክፍል ይዛመታል። ሊድ የተባለ ብረት ያለባቸው ቀይና ነጭ ቀለሞች በበኩላቸው በከተማ አየር ሊጠቁሩ ይችላሉ፤ ጣሪያ ላይ ግራጫ ነጠብጣብ ቢያዩ ሻጋታ ነው ብለው አይቸኩሉ።

ከቀለም ውጪ ያሉ ጉዳቶች እኩል አይመዘኑም። የመሃሉ እጥፋት ከታች ጥቂት ሴንቲ ሜትር መሰንጠቁ መጽሐፉ ብዙ ጊዜ ተከፍቷል ማለት ነው፤ በጃፓን ወረቀትና በስንዴ ስታርች ማጣበቂያ ከጀርባ ከተጠገነ ዋጋ ሊያስቀንስ የሚገባው በጥቂቱ ነው። በስኮች ከተለጠፈ ግን ሌላ ነው፤ ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ቢጫ እድፍ ይተዋል፣ ማውጣቱ ከባድና ውድ ሥራ ነው። ዝገት የመሰሉ ቡናማ ነጠብጣቦች ወንዙ ላይ ሲሆኑ ያስቀይማሉ፣ ኅዳጉ ላይ ሲሆኑ ይቻላሉ። የነቀዝ ቀዳዳ አንድ ሁለት ምንም አይደለም፤ ቀዳዳው ተሞልቶ በላዩ መስመር በብዕር ከተሣለ ግን ሻጩ መናገር ነበረበት። ብዕሩ በአጉሊ መነጽር ይለያል፤ መስመሩ ጠፍጣፋ ነው፣ ጫፉም አይሾልም።

ኅዳጉ ከስርጉዱ ውጪ ቢያንስ 1 ሴ.ሜ. ዙሪያውን ቢኖር ጥሩ ነው። እስከ ሥዕሉ ድንበር ተቆርጦ ስርጉዱ ራሱ የጠፋበት ቅጂ ዋናውን ማስረጃ አጥቷል፤ ለማንጠልጠልም የሚያዝበት ቦታ የለውም። አሮጌ ፍሬም ውስጥ የቆየ ከሆነ ደግሞ ሥዕሉን ዙሪያውን በሚከበው ካርቶን፣ በፓስፓርቱው፣ መስኮት ልክ ቡናማ መስመር ይኖራል፤ ርካሽ ካርቶን የተፋው አሲድ ነው። ፍሬሙ ውስጥ እያለ ይህ አይታይም፤ ስለዚህ ሻጩ ከፍሬሙ አውጥቶ የፊቱንና የጀርባውን ፎቶ፣ ሦስተኛም ከጀርባ መብራት በርቶበት ያነሳውን ፎቶ እንዲልክ ይጠይቁ። ደህና ሻጭ ሦስቱንም ያለ ቅሬታ ይልካል።

ስለ ዋጋ አንድ ብቻ። ለትልቋ ሊዝበን ጥሩ ቅጂ ከሺህ ዩሮ በላይ ቢጠየቅ አይገርምም። በመቶ ዩሮ «ያገኘሁት እድል» የሚባል ነገር ቢመጣ ከላይ ያሉትን ፈተናዎች በእጥፍ ያጥብቁ። ምርጫው በሁለት ቅጂዎች መካከል ከሆነ፣ አንዱ ያልተቀባ ሆኖ ህትመቱ ጥቁርና ጥርት ያለ፣ እጥፋቱ በሥርዓት የተጠገነ፣ ሁለተኛው ደግሞ በአዲስ ቀለም ያሸበረቀ ግን ውሃው የገረጣ ቢሆን፣ ያልተቀባው ይወሰድ። ጥቁርና ነጩ ላይ ቁጥሮቹም በደንብ ይነበባሉ።

ሲላክ ጠፍጣፋ ሆኖ በሁለት ጠንካራ ሰሌዳዎች መካከል ይላክ። በቱቦ ጠቅልሎ መላክ ለፖስተር ነው፤ የአሮጌ ወረቀት እጥፋት ይሰነጠቃል፣ ወፍራም ቀለምም ይረግፋል።

ፍሬም ቤት ሲሰጡት ሦስት ነገር በግልጽ ይናገሩ። አንደኛ፣ ካርቶን ላይ አይለጠፍም፤ ከላይ በሁለት የጃፓን ወረቀት ማጠፊያዎች ብቻ ይንጠልጠል፣ እርጥበት ሲለዋወጥ ወረቀቱ እንዲተነፍስ። ሁለተኛ፣ ፓስፓርቱውም የጀርባው ካርቶንም ከጥጥ የተሠራና አሲድ የሌለበት ይሁን፣ መስታወቱም ወረቀቱን አይንካ። ሦስተኛ፣ መስታወቱ ዩቪ የሚከለክል ይሁን። ከዚህ ሁሉ ጋርም መስኮት ፊት ለፊት አይሰቀልም፤ ሙዚየሞች እንዲህ ላለው ወረቀት 50 ሉክስ ገደማ ብርሃን ነው የሚፈቅዱት፣ ይህም ደብዛዛ ሳሎን ማለት ነው። እርጥበቱ በግምት 50 በመቶ አካባቢ ረግቶ ቢቆይ መልካም ነው። ባሕር ዳር አገር ኤር ኮንዲሽነር ሲበራና ሲጠፋ የሚመጣው መዋዠቅ ከሙቀቱ ራሱ ይብሳል።

አሰቃቀሉ ላይ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ከሶፋ በላይ በማድረጉ ነው። የ140ው ቦታ ዝርዝር ያለው ግርጌው ላይ ስለሆነ ሰው ተጠግቶ የማይቆምበት ቦታ ከተሰቀለ የወረቀቱ ግማሽ ሥራ ፈታ ማለት ነው። ኮሪደር ላይ፣ የቆመ ሰው ሳይጎነብስ ዝርዝሩን እንዲያነብ ግርጌው ከወለሉ 1 ሜትር ከ40 ገደማ ላይ እንዲሆን ይሰቀል፤ አጉሊ መነጽሩም አጠገቡ ሚስማር ላይ ይንጠልጠል።